ዋጋው ዝቅ ያለ የአደን ጠመንጃ ጥይት እንዳይበትን

ሳቬጅ አክሲስ፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሞስበርግ ፓትሪዮት፣ ሬሚንግተን 783። እነዚህ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ የአደን ጠመንጃዎች ናቸው። ሦስት እጥፍ ከሚያወጣ ጠመንጃ የሚለያቸው ግን ብዙ ጊዜ በርሜላቸው አይደለም። የዛሬ ፋብሪካ ደህና በርሜል በብዛት ማውጣት ይችላል። ወጪ የተቀነሰው ሰደፉ ላይ፣ የመነጽሩ መቀመጫ ላይ፣ ምላጩ ላይና በእጅ በሚጨረሰው ሥራ ላይ ነው። ጥይት የሚበተነውም እዚያው ነው። ስለዚህ ጠመንጃው በተነ ተብሎ በርሜሉ ከመወቀሱ በፊት የሚነቃነቀው ነገር ይፈለግ። ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ይረግጣል፤ ከእርግጫው በኋላ በርሜሉም፣ ሰደፉም፣ መነጽሩም ወደ ነበሩበት ቦታ ካልተመለሱ ቀጣዩ አረር ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ይህን ለማስተካከል ነው፤ አብዛኛው ሐዋሳ ውስጥ ከግንባታ ዕቃ መደብርና ከጋራዥ በሚገኝ ዕቃ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ሁለት ነገር። የጦር መሣሪያ በአገራችን የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ እዚህ የምጽፈው ፈቃድ ስላለው ጠመንጃ ነው፣ ለማደን ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። መለያ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በሞረድም በብርጭቆ ወረቀትም አትንኩ። ሁለተኛው፦ ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ካዝናው ይውጣ፣ ቦልቱ (ጥይት የሚያጎርሰው ተንሸራታች ብረት) ይከፈት፣ የጥይቱ ማረፊያ በዓይንም በጣትም ይፈተሽ፣ ጥይት በሙሉ ከምትሠሩበት ክፍል ይውጣ።

ስንት ይበቃል?

አንድ ኤምኦኤ የሚባለው ማዕዘን በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲሜትር ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃዬ አንድ ኤምኦኤ ካልመታ ዋጋ የለውም ይላል። ለአደን ግን ሒሳቡ ከእንስሳው ይጀምራል። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ 15 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው፤ የደጋ አጋዘን ከ25 ሴንቲሜትር ይበልጣል። በ100 ሜትር አምስት ጥይት በ4.5 ሴንቲሜትር ክብ ውስጥ የሚያስገባ ጠመንጃ በ200 ሜትር 9 ሴንቲሜትር ያህል ይበትናል። ይህ ለድኩላ በቂ ነው፤ የቀረው ስፋት ለተኳሹ እጅና ለነፋስ ይቀመጣል። በ200 ሜትር 20 ሴንቲሜትር የሚበትን ጠመንጃ ግን እንስሳ አቁስሎ የሚሰድ ጠመንጃ ነው። የቆሰለ ድኩላ ጫካ ገብቶ ለቀናት ሲሠቃይ ለዚያ ያበቃው አንድ ያልጠበቀ ብሎን ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ በቁም ነገር የምይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በሦስት ጥይት አትፍረዱ። ሦስት ጥይት በዕድል ተጠጋግቶ ሊያርፍ ይችላል፤ ያው ጠመንጃ አምስት ሲተኮስበት ስብስቡ መስፋቱ የተለመደ ነው። ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ጥይት፣ በሁለት የተለያየ ወረቀት፣ በርሜሉ በመካከል እየበረደ ተኩሱ። ወረቀቶቹን አትጣሉ፤ የስብስቡ ቅርጽ ይናገራል። ጥይቶቹ ሁለት ቦታ ተከፍለው፣ ሦስቱ እዚህ ሁለቱ እዚያ ካረፉ፣ በመነጽሩ መቀመጫ ወይም በአክሽኑ ብሎን ላይ ልልነት አለ። አክሽን ስል ቦልቱ የሚንሸራተትበትን የብረት አካል ማለቴ ነው። በርሜሉ እየሞቀ ሲሄድ ምቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተጓዘ ከሄደ በርሜሉ ሰደፉን እየነካ ነው። ወደ ጎን ብቻ ከተዘረጋ ነፋሱን ወይም ምላጭ የሚስበውን ጣት ጠርጥሩ። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ከተዘረጋ ደግሞ ከፊት ያለው ድጋፍ በየተኩሱ ቦታው ተለውጧል ወይም የጥይቱ ፍጥነት ወጥ አይደለም።

ብሎን፦ በሻንጣ ሚዛን የሚጠበቅ

ርካሽ ጠመንጃ ላይ የመጀመሪያው ፍተሻ ሰደፉን ከአክሽኑ ጋር የሚያጣብቁት ሁለቱ ብሎኖች ናቸው። ምንም ሳትገዙ ስብስቡን በግማሽ የምታጠቡበት ዕድል ያለው እዚህ ነው። የተሰነጠቀ ጥርስ ያለው ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ስለሚበላው ከብሎኑ ልክ ጋር የሚገጥም ቁልፍ ፈልጉ።

ጥብቀቱ በስሜት አይለካም። ትንሹን የቶርክ ቁልፍ የሞተርሳይክል ጋራዦች አንዳንዴ ይይዙታል፤ ከሌለ የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ይበቃል። ባለ ስድስት ጎን ቁልፉ ክንድ አጭር ከሆነ ቀጭን የብረት ቱቦ አስገቡበትና ከብሎኑ መሐል 10 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። የሚዛኑን መንጠቆ ምልክቱ ላይ አስሩና ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ጠብቃችሁ ሳቡ። 5 ኪሎ ሲያነብ ብሎኑ ላይ ያረፈው 4.9 ኒውተን ሜትር ነው፤ 4 ኪሎ ሲያነብ 3.9። ሳቢው ወደ ጎን ካዘነበለ ንባቡ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ጠመንጃውን ይያዝላችሁ።

ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ድጋፍ ለሌለው እንጨት ወይም ፕላስቲክ ሰደፍ 4 እስከ 4.5 ኒውተን ሜትር በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰደፉ ይጨፈለቃል፣ ነገ ደግሞ ይላላል። የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም ብሎክ ያለው ሰደፍ 6.5 እስከ 7.5 ይችላል፤ ሩገር አሜሪካን በመመሪያው ከ60 እስከ 80 ኢንች-ፓውንድ ይላል፣ ይህም ከ7 እስከ 9 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የጠመንጃችሁ መመሪያ ካለ እርሱ ይቅደም።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። ጠመንጃውን በሰደፉ ጫማ አቁሙት፣ አፈሙዙ ወደ ላይ። በዚህ አቋም የእርግጫ መመከቻው፣ ከአክሽኑ ሥር የሚወርደው ወፍራም ብረት፣ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ሄዶ ከሰደፉ ግድግዳ ጋር ይገጥማል። ሰደፉን በመዳፋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ አድርጉ፣ የፊቱን ብሎን እስኪይዝ ብቻ አዙሩ፣ የኋላውንም እንዲሁ፣ ከዚያ የፊቱን ወደ ሙሉ ጥብቀት፣ በመጨረሻ የኋላውን። ከጠበቀ በኋላ ካዝናው የሚገባበት ቆርቆሮ ሳጥን ትንሽ መነቃነቅ አለበት። ሳጥኑ በአክሽኑና በሰደፉ መካከል ከተጣበቀ ብሎኑ የሚያጠብቀው ሳጥኑን ነው፤ አክሽኑ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ይህን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን አንድ ፍተሻ። አውራ ጣታችሁን በሰደፉ የፊት ጫፍ ላይ፣ በርሜሉንም ሰደፉንም በአንድ ላይ እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በሌላው እጅ የፊቱን ብሎን ፍቱ፣ እንደገና አጥብቁ። በርሜሉ ከሰደፉ ሲርቅና ሲጠጋ በጣታችሁ ከተሰማ አክሽኑ በተቀመጠበት ቦታ እየተጣመመ ነው። ምንም ካልተሰማ በኋላ የሚመጣውን የኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ሙጫ) መደላድል ሥራ ልትተዉት ትችላላችሁ።

በርሜሉ ሰደፉን አይንካ

አንድ የአሥር ብር ኖት ለሁለት እጠፉና በበርሜሉና በሰደፉ ቦይ መካከል ከጫፍ አስገብታችሁ እስከ አክሽኑ አጠገብ ሳቡት። የሚይዘው ቦታ ካለ በርሜሉ እዚያ ይነካል። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ኖቱ ቢያልፍም ሥራው አላለቀም። የርካሽ ጠመንጃ ፕላስቲክ ሰደፍ ፊቱ ባዶና ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ከረጢት ላይ ስታሳርፉት ወይም በማንገቻው ስትስቡት ይታጠፍና በርሜሉን ይነካል። ስለዚህ ጠመንጃውን ከረጢት ላይ አሳርፉ፣ ሌላ ሰው ከላይ ይጫነው፣ ያን ጊዜ ኖቱን ሳቡት።

የሚነካውን ቦታ ለማስፋት ከበርሜሉ ትንሽ የሚወፍር ዱላ ላይ ቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ ቦዩን ሞርዱ፣ በ150 ጨርሱ። በሁሉም ጎን 2 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። አንዳንድ ፋብሪካ ሆን ብሎ በሰደፉ ጫፍ በርሜሉን የሚገፋ ጉብታ ያስቀምጣል። እርሱን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠመንጃውን እንዳለ ተኩሳችሁ እዩ፤ ጥሩ ከሰበሰበ ተዉት። ቀጭን በርሜል አንዳንዴ ያንን ግፊት ይወደዋል።

ሰደፉ ከመጠን በላይ የሚታጠፍ ከሆነ ማጠንከር ይቻላል። ከፊቱ ክፍል ውስጥ ባሉት ባዶ ክፍሎች፣ አክሽኑ አጠገብ ካለው ቦታ እስከ ጫፉ፣ ሁለት ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ አስተኙ። እያንዳንዱ 25 ሴንቲሜትር ቢሆን ሁለቱ አንድ ላይ 200 ግራም ገደማ ይጨምራሉ። ፊቱ ከበደ ማለት ጠመንጃው ከረጢት ላይ ይረጋጋል፤ ቀኑን ሙሉ ተራራ ለሚወጣ ሰው ግን የአሉሚኒየም ቱቦ ይሻላል። ፕላስቲኩ ኢፖክሲ አይወድም። ውስጡን በቁጥር 60 ወረቀት አሻክሩ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ በባለ 3 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች አውጡ፤ ኢፖክሲው የሚይዘው በጉድጓዶቹ ነው። በሁለት ዙር አፍሱ። ብዙ ኢፖክሲ በአንዴ ሲፈስ በራሱ ሙቀት ይግላል፣ ቀጭኑን ፕላስቲክ ያጣምማል፤ ያን ጊዜ የታጠፈው ሰደፍ አይመለስም። ከበርሜሉ ሥር 3 ሚሊሜትር ባዶ ይቅር።

የኢፖክሲ መደላድል

በጣት ፍተሻው መነቃነቅ የተሰማ እንደሆነ አክሽኑ የሚቀመጥበትን ቦታ በኢፖክሲ መቅረጽ ነው። የሚፈለገው ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ 24 ሰዓት የሚፈልግ ኢፖክሲ ነው። በአምስት ደቂቃ የሚደርቀው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ በእርግጫ ይጨፈለቃል። የአሉሚኒየም ወይም የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት ቢሆን ይመረጣል፤ 40 ግራም ለአንድ ጠመንጃ ይበቃል።

ዋናው አደጋ ብረቱ ተጣብቆ መቅረቱ ነው። አክሽኑን፣ ብሎኖቹንና በርሜሉን ቀለም በሌለው የጫማ ቅባት ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ መጀመሪያው ደርቆ ከተወለወለ በኋላ ሁለተኛው ይቀባ። የብረቱን ጎድጓዳ ቦታዎች፣ የምላጩን ቀዳዳ፣ የካዝናውን ጥግ በሳሙና ወይም በፕላስቲሊን ሙሉ። ኢፖክሲ ጎድጓዳ ገብቶ ከደረቀ እንደ መንጠቆ ይይዛል፤ በዚያ ጊዜ ሰደፉን ከመሰንጠቅ ሌላ መውጫ የለም።

የእርግጫ መመከቻው ፊቱ፣ ሁለት ጎኑና ታችኛው ጫፉ ላይ አንድ አንድ ንብርብር ናስትሮ ለጥፉ። የኋላ ፊቱ ባዶውን ይሁን። ናስትሮው ሲነሣ በተለጠፈበት ሁሉ ትንሽ ክፍተት ይቀራል፣ ብረቱ የሚደገፈው በኋላው ፊት ብቻ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ መመከቻው በሁሉም ጎን ይጣበቃል፣ ጠመንጃው በተፈታና በተገጠመ ቁጥር ትንሽ ኢፖክሲ እየፋቀ ይገባል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ መደላድሉ ይበላሻል። ከሰደፉ ጫፍ አጠገብ በርሜሉ ላይ መሐል እስኪቆም ድረስ ናስትሮ ጠቅልሉ።

ኢፖክሲውን ከመመከቻው ጀርባና ከኋለኛው ብሎን ዙሪያ አኑሩ፣ አክሽኑን ቀስ ብላችሁ አስቀምጡ። ብሎኖቹን ግን አታጥብቁ። ያጠበቀ ሰው ያንኑ ጥምመት በኢፖክሲ ቀርጾ ያስቀራል። የብስክሌት ከመነዳሪ በረጅሙ ቆርጣችሁ አክሽኑንና ሰደፉን በእርሱ ጠቅልሉ፣ ብሎኖቹን አቅጣጫ ለመምራት ብቻ ተጠቀሙባቸው። የተረፈው ወደ ጎን ሲወጣ ገና ለስላሳ ሳለ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ። በማግስቱ ናስትሮውንና ብሎኖቹን አውጡና በርሜሉን በጎማ መዶሻ ከታች ወደ ላይ መታ አድርጉ። እምቢ ካለ ለአንድ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ ብረቱ ሲኮማተር ይላቀቃል።

መነጽሩና ምላጩ

የመነጽር ችግር የጠመንጃ ችግር መስሎ ይታያል፣ ብዙ ጥይትም ያስፈጃል። መቀመጫውን የያዙትን አራት ብሎኖች አውጡ፣ ጥርሳቸውንና ቀዳዳቸውን ከዘይት በአልኮል አጽዱ፣ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) አድርጋችሁ በ2.3 እስከ 2.8 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የፊተኛው ብሎን ረዝሞ ወደ ውስጥ ከገባ የቦልቱን ጥርስ ይነካል፤ አንድ ብሎን በተጠበቀ ቁጥር ቦልቱን ዝጉና ክፈቱ፣ ከከበደ ያው ብሎን ነው። የቀለበቶቹ የላይ ክዳን 2 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፣ በሻንጣ ሚዛኑ 10 ሴንቲሜትር ላይ 2 ኪሎ ማለት ነው፤ እዚህ ሎክታይት አይደረግም። ከዚህ በላይ ሲጠበቅ ቱቦው ይጨፈለቅና ማስተካከያው መዝለል ይጀምራል። በሁለቱም ጎን በክዳኑና በቀለበቱ መካከል እኩል ክፍተት ይኑር።

ጥይት ሳይተኩሱ መነጽሩን መፈተሽ ይቻላል። ጠመንጃውን ሞርሳ ውስጥ በጨርቅ ይዛችሁ፣ ቦልቱን አውጥታችሁ፣ 50 ሜትር ላይ ባለ ካሬ መስመር ትልቅ ወረቀት ስቀሉ። በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው መስቀል መሐሉ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ። በአንድ ጠቅታ ሩብ ኤምኦኤ በሚንቀሳቀስ መነጽር ማስተካከያውን 20 ጠቅታ ወደ ላይ ስታዞሩ መስቀሉ 7.3 ሴንቲሜትር መጓዝ አለበት። ከዚያ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ። ወደ መነሻው ካልተመለሰ መነጽሩ አይታመንም፤ ሰደፍ ላይ የሚሠራ ሥራ ሁሉ በእርሱ ይባክናል። ጠመንጃ በርካሽ መግዛት ይቻላል፣ ርካሽ መነጽር ግን አልመክርም። ትልቅ ማጉያም አያስፈልግም። ጠንካራ ባለ 4 ወይም 6 እጥፍ፣ ወይም 3–9×40 (ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 40 ሚሊሜትር የሆነ) ለእነዚህ ርቀቶች በቂ ነው።

የርካሽ ጠመንጃ ምላጭ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ላይ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ምላጭ ካለ ጣት ሲስብ መላው ጠመንጃ ይንቀሳቀሳል። በዚያው ሻንጣ ሚዛን አምስት ጊዜ ለኩትና አማካዩን ያዙ። አኪዩትሪገር የሚባለው ተስተካካይ ምላጭ ያላቸው የሳቬጅ ሞዴሎች፣ ሩገር አሜሪካን፣ ሞስበርግ ፓትሪዮትና ሬሚንግተን 783 ማስተካከያ አላቸው፤ ማስተካከያ የሌላቸው ላይ የጸደይ ሽቦ መቀየር ይቻላል። ለአደን ከ1.4 ኪሎ በታች አታውርዱት፤ የበረደ ጣት ወይም ጓንት ቀላል ምላጭ አይሰማውም። እርስ በርስ የሚነካከሱትን ብረቶች በሞረድ መንካት ፈጽሞ አይገባም፤ ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ ቆዳ ቀጭን ስለሆነ አንዴ ከተነሣ ጠመንጃው ሳይታሰብ ይተኩሳል። ከማስተካከሉ በኋላ ባዶውን ጠመንጃ ወጥራችሁ በሰደፉ ጫማ ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ ጎማ ላይ ጣሉት፣ ቦልቱንም በኃይል ዝጉ። ከፈነጠረ መልሳችሁ አክብዱት።

ጥይት

ከላይ ያለው ሁሉ ከተሠራ በኋላ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ጥይቱ ነው። አንድ ጠመንጃ ከአንዱ ፋብሪካ ጥይት ጋር 7 ሴንቲሜትር በትኖ ከሌላው ጋር 4 ሊሰበስብ ይችላል። ጥይቱ .308 ወይም .30-06 ለሚባል የአደን ጠመንጃ በ150፣ በ165 እና በ180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) አረር ጀምሩ፤ የውስጥ ጥምዙ በ10 ኢንች አንድ ዙር የሚሄድ በርሜል ሦስቱንም ያረጋጋል፣ የሚመርጠውን ግን ወረቀቱ ብቻ ይነግራችኋል። የሚሰበስበው ሲገኝ ከአንድ የምርት ቁጥር የቻላችሁትን ያህል ያዙ። የምርት ቁጥሩ ሲቀየር የምቱ ቦታም ሊቀየር ይችላል። የተለያየ ዓይነት ጥይት አንድ ካዝና ውስጥ ቀላቅሎ ስለ ጠመንጃው መፍረድ አይቻልም።

ከአባት የወረደ ቤልጅግ ላለው ሰው ይህ ክፍል ልዩ ነው። የኤፍ ኤን ሞዘር ጥይት 7.92×57 ነው። የቆየ የወታደር ጥይት መቀጣጠያው በርሜል የሚያዝግ ጨው ያስቀራል፣ ዘይት ደግሞ ጨው አያወጣም። በተኮሳችሁበት ቀን በርሜሉን በሙቅ ውሃና ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ቀቡ። የአፈሙዙ ከንፈር ከፊት በሚገባ የብረት ዘንግ ዘመናቱን ሙሉ ተፍቆ ከሆነ አረሩ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ጎን ቀድሞ ያመልጣል። ጥጥ በእንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ስትስቡት ክር የሚቀርበት ቦታ ካለ ከንፈሩ ተጎድቷል፤ በቶርኖ ላይ መሐሉን ጠብቆ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ተኩስ በሐዋሳ፣ አደን በደጋ

የሐዋሳ ጠዋት ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ከመሬት የሚተነው ሙቀትም በመነጽሩ ውስጥ ኢላማውን ያወዛውዛል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ የ.308 አረርን በ100 ሜትር 1 ሴንቲሜትር፣ በ200 ሜትር 5 ሴንቲሜትር ገደማ ይገፋል። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ሰዓት የተተኮሰ ወረቀት ጠመንጃውን አይመሰክርበትም። ሜዳው የተፈቀደና ከኋላው በቂ የአፈር ክምር ያለው ይሁን፤ ይህ አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ከረጢቱን ከአሮጌ ጂንስ እግር መስፋት ይቻላል። ለፊቱ ከረጢት የወንዝ አሸዋ፣ ለኋላው ደግሞ የአካባቢያችን ቀላሉ ፑሚስ ይሆናል፤ ለመሸከምም አይከብድም። ከረጢቱ ከሰደፉ ሥር ይሁን፣ ከበርሜሉ ሥር በፍጹም። የኋላውን ከረጢት በግራ እጅ እየጨበጣችሁ ከፍታውን አስተካክሉ። ቀጭን በርሜል ሦስት ጥይት ካስተኮሰ በኋላ ጥላ ውስጥ ቦልቱ ተከፍቶ አሥር ደቂቃ ይረፍ። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ በርሜል ሳይተኮስም ይሞቃል።

ዜሮው፣ ማለትም መነጽሩ ከምቱ ጋር የሚገጣጠምበት ልክ፣ በ100 ሜትር 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ የሚመታ ይሁን። ለተለመደው 150 ግሬን .308 ይህ ማለት በ200 ሜትር ልክ መሐል፣ በ300 ሜትር ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ዝቅ ማለት ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በሻሸመኔ በኩል ወደ ሙኔሳ ወይም ወደ ባሌ ተራሮች ሲወጣ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ 12 ከመቶ ያህል ይሳሳል። ይህ ብዙ ሰው ያሳስበዋል፣ ነገር ግን በ200 ሜትር ልዩነቱ አይታይም፣ በ300 ሜትርም ከአንድ ሁለት ሴንቲሜትር አያልፍም። ይበልጥ የሚያስተው ዳገቱ ነው። በ30 ዲግሪ ቁልቁለት 250 ሜትር የሚርቅ እንስሳ ለአረሩ እንደ 217 ሜትር ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ቢተኮስ ምቱ ከፍ ይላል።

የእንጨት ሰደፍ ያለው ሰው ክረምትን ይጠንቀቅ። የስምጥ ሸለቆ ደረቅ አየር ለምዶ የቆየ እንጨት ደጋ ላይ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ ተስተካክሎ የነበረው ክፍተት ይጠፋል። ውጩ ቢያብረቀርቅም የቦዩ ውስጥና የሰደፉ ጫማ ሥር ባዶ እንጨት ሆኖ ይገኛል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቨርኒሽ ይቀባ።

ጽዳት ላይ ሰው ወይ ይተወዋል ወይ ያበዛዋል። ስብስቡ መስፋት ሲጀምር የመዳብ ቅሪቱን በመዳብ አሟሚ፣ ዘንጉን ከኋላ እያስገባችሁ፣ ጨርቁ ሰማያዊ መሆኑን እስኪተው አጽዱ። ከጸዳ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጥይቶች ሌላ ቦታ ሊያርፉ ይችላሉ። በርሜል ውስጥ ዘይት ካለም የመጀመሪያው ጥይት ይስታል። ስለዚህ ለአደን የሚወጣ ጠመንጃ ዘይቱ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ሁለት ሦስት ጥይት ተተኩሶበት፣ ሳይጸዳ ይውጣ።

ለአዳኝ የመጀመሪያው ጥይት ከአምስቱ ሁሉ ይበልጣል። በርሜሉ ቀዝቅዞ፣ ጠዋት፣ አንድ ጥይት ብቻ ተኩሱና ወረቀቱን ያዙ፤ በሌላ ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ሌላ አንድ ጨምሩ። አምስት ሲሞላ ጠመንጃችሁ እንስሳ ፊት የሚያደርገውን ያሳያችኋል። ከዚያ ሁሉንም ብሎኖች ከብሎኑ ራስ ወደ አካሉ በሚያልፍ ቀጭን የጥፍር ቀለም መስመር ምልክት አድርጉባቸው። ከኮፈሌ ወዲያ ያለውን መንገድ በመኪና የተጓዘ ጠመንጃ ሰፈር ሲደርስ መስመሮቹ ይታያሉ፤ አንዱ ከተሰበረ ያ ብሎን ዞሯል፣ በሻንጣ ሚዛኑ ይጠበቅና አንድ ጥይት በወረቀት ላይ ይሞከር። የጥይቱን ዓይነት፣ የምርት ቁጥሩን፣ የብሎኖቹን ጥብቀትና የዜሮውን ርቀት በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ የጥይቱ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ።